የማሪሰል ጫማ

በቤተ ክርስቲያናችን መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜ መስክሬያለሁ። እግዚአብሔር እናቴን ከሕመም እንዴት እንዳነሣት፣ እኔን ኮሌጅ እንዴት እንዳስገባኝ ተናግሬ፣ እልልታዬን ተቀብዬ ወርጃለሁ። ይህን ግን ተናግሬው አላውቅም። እናቴ አታውቀውም፤ ባሌ አያውቀውም፤ በጸሎት እንኳ ስሙን ጠርቼው አላውቅም። «የማውቀውንም የማላውቀውንም ኃጢአቴን ይቅር በለኝ» በሚለው ውስጥ ጠቅልዬ ነው የማሳልፈው፣ ከማውቀው ወገን መሆኑን እያወቅኩ። እኛ ጴንጤዎች የንስሐ አባት የለንም፤ በቀጥታ ለጌታ እንናገራለን እንላለን። ለጌታ መናገር ግን ምን ይከብዳል? እሱ አይቶኛል። የሚከብደው ላላየ ሰው መንገር ነው። እናንተ አላያችሁኝም፤ ስለዚህ ተቀመጡና ስሙኝ።

ሰርቄያለሁ። የሰረቅኩት አንድ ጥንድ ጫማ ነው፤ ያ ትንሹ ነው። ከዚያ ዋሸሁ፤ ውሸቴም አንዲትን እናት ከልጇ ለየ። ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ዕድሜዬን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። የበደልኳትም ልጅ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር።

ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የሁለት ሺህ ዐሥራዎቹ መጀመሪያ ነው። እናቴ አስቴር ከሎስ አንጀለስ በስተደቡብ ባለችው ቶራንስ ውስጥ በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራ ነበር። እኔ እዚያው ቶራንስ ባለ የክርስቲያን ትምህርት ቤት በስኮላርሺፕ እማር ስለነበር፣ ጠዋት ጠዋት ከምንኖርበት ሰፈር ከሚድ ሲቲ በእሷ መኪና አብረን እንወርዳለን። ከእሷ ጋር በአንድ ሺፍት የምትሠራ ኔሊ የምትባል ፊሊፒናዊት ነበረች። ሥራቸው ወገብ ይቆርጣል። መነሣት የማይችል ሽማግሌ ሲያገላብጡ አንሶላውን አንዷ በዚህ ጫፍ፣ አንዷ በዚያ ጫፍ ይዘው እኩል ያነሣሉ፤ አንዷ ብትለቅ ሌላዋ ትጎዳለች። ለዓመታት እንዲህ ተደጋግፈው የኖሩ ሴቶች ናቸው። እናቴ ኔሊን በስሟ ብቻ እንድጠራት አልፈቀደችልኝም፤ «ታላቅሽ ናት» ብላ እትዬ ኔሊ አስባለችኝ። ኔሊም የእትዬ ትርጉም ከገባት በኋላ፣ ያለ እትዬ ስጠራት ዞር አትልም ነበር።

እትዬ ኔሊ ማሪሰል የምትባል አንድ ልጅ አለቻት። ወደ አሜሪካ የመጣችው ልጅቷን በትንሽነቷ ለአክስቷ ትታ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በስክሪን እንጂ በአካል አላየቻትም። ግሪን ካርዷ ገና መምጣቱ ስለነበር ለማሪሰል ወረቀት ልታስገባላት እየተዘጋጀች ነበር። ልጅ ሃያ አንድ ሳይሞላው ወረቀቱ ከገባ ቶሎ ይደርሰዋል፤ ካለፈ ግን ሰልፉ ሌላ ሰልፍ ነው። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት በተደረደረበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ አይገኝም። እኔም አውቅ ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ «አላወቅኩም ነበር» ማለት ሲያምረኝ ታስታውሱኛላችሁ።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤታችን በፀደይ ዕረፍት ተማሪዎችን ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወደ ፊሊፒንስ እንደሚወስድ ተነገረን። ባሕሩ ዳር ባለች አንዲት መንደር የትምህርት ቤት ግድግዳ እንቀባለን፣ ለሕፃናት መዝሙር እናስተምራለን፣ ወንጌል እንናገራለን። የስኮላርሺፕ ልጅ ለዚህ የሚሆን ከየት ያመጣል? እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ነገረች፤ ወሬው ፌርፋክስ ደረሰ። ጋሼ ግርማ የሚባሉ፣ ድሮ ታክሲ የነዱ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግን ከአንድ ምግብ ቤት መስኮት አጠገብ የማይነሡ ሽማግሌ ነበሩ። ለእኔ ሲሉ ተነሡ። ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ አዋጡልኝ። «እስከ ዛሬ ሚሽነሪ ሲላክልን ነው የኖርነው፤ ይኸው እኛም መላክ ጀመርን» እያሉ ባገኙኝ ቁጥር ይስቁ ነበር። ስሜ ቀረና «ሚሽነሪያችን» ሆንኩ። እሑድ ምእመኑ እጁን ጭኖ ሲጸልይልኝ ዓይኔን ጨፍኜ ምን እያሰብኩ እንደነበር ልንገራችሁ? ሰጪ ሆንኩ እያልኩ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ሲሰጡኝ ኖሬ፣ በመጨረሻ ሰጪ ሆንኩ።

የምንሄድባት መንደር ከእትዬ ኔሊ ከተማ የጥቂት ሰዓት መንገድ ሆና ተገኘች። እናቴ ይህን ስትሰማ ኔሊ እስክትጠይቃት አልጠበቀችም፤ «ልጄ ታደርስልሻለች» አለቻት። እኛ ዘንድ ያው ነው፤ የሰው ዕቃ ያልያዘ መንገደኛ ሰው የሌለው ይመስላል። ኔሊ ለማሪሰል የሃይስኩል ምረቃ ነጭ ጫማ መላክ ፈለገች። ቁጥሩን ታውቀዋለች፤ እናቴ ግን ቁጥር አታምንም። «ቁጥር እንደየአገሩ ነው፤ እግሯን በክር ትለካና ክሩ ይምጣልን» አለች። ክሩ ከዚያ ከሚመጣ ሰው ጋር መጣ። ሁለቱ ሴቶች ከሥራ ሲወጡ ክሩን ይዘው ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ፣ የጫማውን ውስጥ በክር እየለኩ ሻጮቹን አሳቁ። የተገዛው ጫማ ተረከዙ ዝቅ ያለ፣ ከጎኑ ትንሽ ማሰሪያ ያለው ነበር። እትዬ ኔሊ በስስ ወረቀት ጠቅልላ እጄ ላይ አስቀመጠችው። የተናገረችው እናቴ ናት። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» አለችኝና፣ ይህንን ለኔሊ በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ስትደክም አመሸች።

አብረውኝ የሄዱት ልጆች ክፉዎች አልነበሩም። ይህን የምለው ጥፋቱን ወደ እነሱ እንዳታዞሩልኝ ነው። ከእኔ በቀር ሁሉም የደኅና ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ግን ማንም አላሳነሰኝም፣ ማንም ምን ይዘሻል ብሎ አልጠየቀኝም። ግድግዳውን ቀባን፤ ከግድግዳው ይልቅ እርስ በርሳችን ተቀባባን። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ የመንደሩ ልጅ ተሰጥቶን ነበር፣ አብረን እንድንጫወት። የእኔዋ ጂና ትባላለች፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፣ መለሎ፣ ሳቂታ። የእኔን ሹሩባ ባየች ቁጥር የራሷን ፀጉር እየያዘች «ሥሪልኝ» ትለኝ ነበር። ነገ እላታለሁ። ደክሞኝ ነበር፤ ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ እዚያ ቁጭ ብዬ ሹሩባ መሥራት ከሚሽነሪነቴ የሚያሳንሰኝ መስሎኝ ነበር።

በመጨረሻው ቀን ዋዜማ የቡድናችን መሪ ሰበሰበንና፣ ነገ ስንሰናበት እያንዳንዳችን ለልጃችን ከራሳችን የሆነ ነገር እንድንሰጥ ነገረን። የተረፋችሁን ሳይሆን የምትወዱትን አለ። ልጆቹ ወዲያው ማሰብ ጀመሩ። አንዱ አዲሱን ስኒከሩን ሊሰጥ ሆነ፣ አንዷ ሰዓቷን፣ ሌላዋ የጆሮ ማዳመጫዋን። እኔ የያዝኩት ልብስ ግማሹ የተዋስኩት ነው፤ ሸራ ጫማዬ ተረከዙ ተበልቷል። የምሰጠው የለኝም። የለኝም ብል ምን ነበረበት? ጂናን ጉልበቴ ሥር አስቀምጬ ፀጉሯን ብሠራላት ኖሮ ከሁሉም በላይ ደስ ይላት ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ስትለምነኝ የከረመችው እሱን ነው። ግን በነጋታው ሁሉም ቆሞ ሲሰጥ፣ ካሜራው ወደ እኔ ሲዞር፣ ባዶ እጄን መቆም አልቻልኩም።

ወደምናድርበት ክፍል ገባሁ። ሻንጣዬን ከፈትኩ። ወረቀቱን ራሴ ፈታሁት። እጄ አልተሳሳተም፣ ማንም አልገፋኝም። ለራሴ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? ሎስ አንጀለስ ስመለስ ሠርቼ ያንኑ የመሰለ እገዛና በፖስታ እልክላታለሁ አልኩ። ሌባ ሁሉ የሚለው ይህንኑ አይደል? ማሪሰል በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዕቃዋን ልትወስድ እንደምትመጣ አውቅ ነበር። ትመጣለች ብዬ እያወቅኩ ወረቀቱን ፈታሁት።

ጂና ጫማውን ስታይ መጀመሪያ አልተቀበለችኝም፤ ለእሷ አልመሰላትም። ተንበርክኬ አጫማኋት። ሰፋት፤ ጨርቅ ከጣቷ በኩል ጠቀጠቅንበት። አጨበጨቡልኝ። መሪያችን ዓይኑ እንባ አቀረረ። ፎቶ ሲያነሣን እኔ ተንበርክኬያለሁ፣ እጄ የጂና እግር ላይ ነው። ያ ፎቶ በኋላ የትምህርት ቤታችን ኮሪደር ላይ ተሰቅሎ፣ እስክመረቅ ድረስ በፊቱ አልፍ ነበር። እናቴ ቀን ቀን ሥራ ላይ ስለሆነች ትምህርት ቤቴን ረግጣው አታውቅም፤ አላየችውም። ለዚያም ጌታን አመስግኜያለሁ፣ አያሳፍርም?

ማሪሰልን ያገኘኋት ሻንጣ ስንጭን ነው። ባጃጅ በመሰለች ባለ ሦስት እግር ሞተር ረጅም መንገድ መጥታ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ በአቧራ ተለውሳ ነበር። ቀደም ብላ መጥታ የጸሎት ቤቱ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ እንደጠበቀችኝ ሰማሁ። ፈገግታዋ የእናቷ ነው። ስሜን ጠርታ አቀፈችኝና ስለ እናቷ ብዙ ጠየቀችኝ፤ ወፍራለች ወይ፣ ወገቧን ያማታል ወይ፣ ብቻዋን ስትሆን ትዘፍናለች ወይ። ከዚያ በሐፍረት ዝግ ብላ፣

«እናቴ የላከችው ነገር ነበር» አለችኝ።

«አልደረሰላትም። በሌላ ጊዜ እልካለሁ ብላለች» አልኳት።

ምንም አይደለም አለችኝ። አልተቆጣችም፣ አልጠረጠረችም። ፊቷ ብቻ ትንሽ ደከመ፤ ከዚያ መልሳ ፈገግ አለች። የምረቃው ቀን ሳምንት አልቀረውም ነበር። ቦርሳዋን ከፍታ በላስቲክ የታሰረ የደረቀ ማንጎ አወጣችና ለእናቴ ስጪልኝ አለችኝ፤ ራሷ ያደረቀችው ነው። ተቀበልኳት። እሱን አደራ በሚገባ አደረስኩ፤ አንዲት ቁራጭ አልጎደለችም።

ቤት ስደርስ እናቴና እትዬ ኔሊ ምሳ ሠርተው ይጠብቁኝ ነበር። በአውሮፕላን ላይ ሳስብ የመጣሁት «ሻንጣዬ ጠፍቶ ነበር» ልል ነው። እትዬ ኔሊ ግን ገና ከበሩ ሳልገባ እጄን ይዛ «ደስ አላት?» አለችኝ። ሰጠሻት ወይ ብትለኝ ምናልባት እውነቱ ያመልጠኝ ነበር፤ ምናልባት። ደስ አላት ወይ አለችኝ። እናቴም ከኋላዋ ቆማ፣ በልጇ ኮርታ ትመለከተኛለች። «በጣም» አልኩ። ማንጎውን አውጥቼ ሰጠኋት። ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

በዚያ እሑድ በቤተ ክርስቲያን መሰከርኩ። ከራሴ ቆርሼ ለአንዲት ምስኪን ልጅ ሰጠሁ አልኩ። ምን እንደሰጠሁ አልጠቀስኩም፤ ምእመኑ ትሕትና መሰለው። ሃሌሉያ አሉልኝ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። እትዬ ኔሊና ማሪሰል በስልክ ሲገናኙ ነገሩ ሁለት ሆነ። እናት ጫማው ለካሽ ወይ ትላለች፤ ልጅ የምን ጫማ ትላለች። አክስትየዋ ደግሞ ከዚያ በፊት፣ ይቺ ልጅ የምትልኪላትን ዕቃ እየሸጠች ነው ብላ ታማት ኖሯል። እናቴ ጠዋት ወደ ቶራንስ ስንወርድ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ ጠየቀችኝ።

«ሜሮን፣ ኔሊ ኮል አድርጋልኝ ነበር። ጫማውን በእጇ ነው የሰጠሻት?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ልጅቷ አልተቀበልኩም እያለች ነው። ሶ፣ አንዳችሁ ትዋሻላችሁ ማለት ነው።»

«እኔ ሰጥቻታለሁ። ማንጎውን ታዲያ ማን ሰጠኝ?»

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ይበቃኛል አለች። ያን ቀን ሥራ ቦታ ኔሊን ይዛ፣ ልጄ አትዋሽም፣ ስሜን አስይዛለሁ እንዳለቻት ማታ ነገረችኝ። ያ የማሪሰል ማንጎ ምስክሬ ሆነ። ልጅቷ በእጇ ያደረቀችውን ይዤ በእሷው ላይ መሰከርኩባት።

እትዬ ኔሊ እኔን አመነች። ለምን አታምነኝ? እኔ የቤተ ክርስቲያን ልጅ፣ ሚሽነሪ፣ የአስቴር ልጅ። ማሪሰል ደግሞ በስክሪን ያሳደገቻት፣ የማታውቃት ልጅ። ጫማ ብትሸጪ አይቆጨኝም፣ ዓይኔን እያየሽ መዋሸትሽ ነው አለቻት። እውነቱን እስክትናገሪ አንድ ወረቀት አልሞላልሽም አለቻት። ማሪሰልም ያላደረግኩትን አድርጌያለሁ አልልም አለች። ግትር ናት ተባለ። ነርስነት ልትማር የነበረው ቀረና አንድ ትልቅ ሱቅ ገብታ ሽያጭ ጀመረች። በገና እንኳ መደዋወል ተዉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ሩቅ አልነበርኩም። እናቴ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን እያወለቀች ትነግረኛለች፤ ኔሊ ዛሬም አለቀሰች፣ ኔሊ ልጇን ረሳሁ ትላለች፣ ኔሊ ወረቀቱን አላስገባችም። እኔ እሰማለሁ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። ዘንድሮ እናገራለሁ እላለሁ፣ ኮሌጅ ልግባና እላለሁ፣ እማዬ ደም ግፊቷ ይሻላትና እላለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ እያደር ጨለመ። ማሪሰል ሃያ አንድ ዓመት የሞላት ቀን አውቄዋለሁ፤ ከእኔ ልደት በሁለት ወር ይርቃል። በዚያ ቀን ክፍል ገብቼ ተማርኩ፣ ምሳ በላሁ፣ ከጓደኞቼ ጋር ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ እትዬ ኔሊ ሐሳቧን ብትቀይር እንኳ ሰልፉ ሌላ ሰልፍ ነበር።

ዓመታት አለፉ። እትዬ ኔሊ ልቧን ታመመችና ቀዶ ሕክምና ተወሰነላት። ማሪሰል ከሱቁ ባጠራቀመችው፣ የሆስፒታሉን ወረቀት አቅርባ፣ በጉብኝት ቪዛ ለጥቂት ሳምንት መጣች። እናትየዋ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላም ሁለቱ በአንድ ክፍል እያደሩ አይነጋገሩም ነበር። ልጅ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ መድኃኒት ትሰጣለች፤ እናት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እናቴ ይህን አይታ አንጀቷ አልቻለም። እኛ የምናውቀውን አንድ ነገር አደረገች፤ ሽማግሌ አስቀመጠች። ለሁለት ፊሊፒናውያን ካቶሊኮች፣ ፌርፋክስ ላይ፣ በጋሼ ግርማ ሽማግሌነት። እኔም እንድገኝ ተጠራሁ፤ በነገሩ ስሜ የተነሣ የተበደልኩ ወገን ነኝና።

ምሳ ሰዓቱ አልፎ ምግብ ቤቱ ጭር ብሎ ነበር። ጋሼ ግርማ ሱፍ ለብሰው መጡ። ሰላሳ ዓመት አሜሪካ ኖረዋል፤ ሆኖም፣

«እርቅ በእንግሊዝኛ አይሆንልኝም። ሜሮን ታስተርጉም» አሉ።

እሺ ጋሼ አልኩ። እምቢ የምልበት አንድም ምክንያት አልነበረኝም፤ ያለኝን አንዱን ምክንያት ልናገረው ስላልቻልኩ።

«ልጄ» አሏት ማሪሰልን፣ «እናት ያዘነባት ልጅ መንገዷ አይቀናም። ያጠፋሽው ካለ ተናገሪ፤ ከሌለም የለም በይ። ሽማግሌ የሚዳኘው የተነገረውን ነው።» ወደ እንግሊዝኛ መለስኩላት። ቃል አልቀነስኩም። የለም በይ የሚለውንም ተርጉሜላታለሁ፤ እንድትለው በልቤ ለመንኳት፤ ደግሞ እንዳትለው ለመንኳት።

ማሪሰል እናቷን አየች። የኔሊ ደረት ላይ ያለው የቀዶ ሕክምናው ፋሻ በሸሚዟ ሥር ያስታውቃል፤ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከዚያ ማሪሰል እኔን አየችኝ፣ ረዘም አድርጋ። ከዚያ ተነሥታ ቆመች።

«ጫማውን ሸጬዋለሁ፣ እማ» አለች። «ልጅ ነበርኩ። ዋሸሁሽ። ሜሮንንም ዋሾ አስመሰልኳት። ይቅር በይኝ።»

ጋሼ ግርማ ወደ እኔ ዞሩ። እናቴም ዞረች። ሁሉም ገብቷቸዋል፤ ግን ሥርዓቱ ነው፣ ይጠብቁኛል።

«ጫማውን ሸጬዋለሁ ትላለች» አልኩ። «ሜሮንን ዋሾ አስመስያታለሁ ትላለች። ይቅርታ ትጠይቃለች።»

«አንቺስ፣ ልጄ?» አሉኝ ጋሼ ግርማ። «ስምሽ ጠፍቶ ኖሯል። ይቅር ትያታለሽ?»

አያችሁ፣ በሩ እዚያ ድረስ መጥቶ ተከፈተልኝ። እናቴ አለች፣ እትዬ ኔሊ አለች፣ ሽማግሌ አለ፣ የበደልኳት ቆማለች። ከዚያ የተሻለ ቦታ በዕድሜዬ አላገኝም። አፌን ከፈትኩ።

«ይቅር ብያታለሁ» አልኩ።

«ይቅር ለእግዜር» አሉ ጋሼ ግርማ። እትዬ ኔሊ ያ ሁሉ ዓመት እንደ ውኃ ፈሰሰላት፤ ልጇን አንገቷን አንቃ አለቀሰች። እናቴም አለቀሰች። እናቴ በሹክሹክታ ጌታ ይመስገን፣ ስምሽ ነጻ ወጣ አለችኝ።

እናቶቻችን በር ላይ ሲሰናበቱ፣ መኪናውን ላመጣ ስሄድ ማሪሰል ተከተለችኝ። ጎን ለጎን ሄድን። ከዚያ ምንም ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ በረንዳው ላይ ስትጠብቀኝ ነጭ ጫማ ያደረገች ልጅ አጠገቧ ተቀምጣ እንደነበር ነገረችኝ። ሜሮን ሰጠችኝ ብላ አሳይታታለች። ማሪሰል ጫማው የእሷ መሆኑን ያወቀችው እናቷ በስልክ እያለቀሰች ስትገልጽላት ነው። ወደ መንደሩ ተመልሳ ሄዳለች፤ የእሷን ቃል ብቻ እትዬ ኔሊ እንደማታምን ስላወቀች፣ ልጅቷ ራሷ በስልክ እንድትነግርላት ፈልጋ። ጂና ግን ሊወስዱባት የመጡ መስሏት እግሯን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀች። ማሪሰል ያን ስታይ ምንም ሳትጠይቃት ተመለሰች። ከልጅ እግር ላይ ጫማ ማስወለቅ አልቻልኩም አለችኝ።

«ታዲያ ዛሬ ለምን?» አልኳት።

«ከሁለት ሳምንት በኋላ እመለሳለሁ። መቼ እንደማያት አላውቅም። በጫማ ልጨርሰው አልፈለግኩም» አለች። መኪናው ጋ ስንደርስ ቆመች። «እኔ የገረመኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ። «ስትተረጉሚ ድምፅሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።»

ማሪሰል ተመለሰች። እትዬ ኔሊ ወረቀቱን አስገባችላት፤ ሰልፉ ግን ያ ሌላው ሰልፍ ነው፣ ማሪሰል እስካሁን እየጠበቀች ናት። ለምን አትናገሪም ትሉኝ ይሆናል። ምክንያት አለኝ፤ ጥሩ ምክንያት። እውነቱን ብነግራት እትዬ ኔሊ ንጹሕ ልጇን ያን ሁሉ ዓመት እንደቀጣች ታውቃለች፤ የታመመ ልቧ ይህን አይችልም። ሲሰሙት ያምራል። ግን አትመኑኝ። ይህን ምክንያት ያገኘሁት ዝም ካልኩ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ልቧ ጤነኛ በነበረ ጊዜም ዝም ብያለሁ። ዝም ያልኩት ስለፈራሁ ነው፤ ዛሬም እፈራለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ አልላችሁም፤ እናንተን አልበደልኩም። ለእናንተ የነገርኳችሁም ለእሷ ከመንገር ስለሚቀል ነው፣ ድፍረት እንዳይመስላችሁ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ኔሊ ደውላልኝ ነበር። ያቺ እርቅ ከሆነች ወዲህ በየጊዜው ትደውላለች፤ ልጄን ይቅር ያልሽልኝ ብላ ታመሰግነኛለች። እንደ እናቴ አድርጋ መመረቅም ለምዳለች። እንደ አንቺ ያለ ልብ ያለው ልጅ እግዚአብሔር ይስጥሽ አለችኝ።

አሜን አልኳት።